አምጪና ታማሚ

በሰፈሩ ውስጥ «ዶክተሯ» ነው የሚሏት። ዶክተርነቷ የታሪክ ነው፤ ሰፈሩ ግን ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተምሮ፣ ከስሙ ፊት «ዶክተር» አስቀምጦ ሲያበቃ፣ የሆድ ቁርጠት አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? ኮሌጅ ማስተማር ጀምራ ወደ አባቷ ግቢ የተመለሰች ሰሞን፣ ከግቢው ፊት ለፊት የምትሠራው ልብስ ሰፊ ጉልበቷን እያሻሸች መጣችባት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የታሪክ ዶክተር ነኝ» አለቻት።

«ጥሩ ነዋ። የጉልበቴም ታሪክ ቀላል አይደለም፤ ከየት ልጀምርልሽ?»

ዶክተሯ ሰው ማስቀየም ስለማትችል ቁጭ ብላ ሰማች። ልብስ ሰፊዋ ተርካ ስትጨርስ ጉልበቷ ቀለል እንዳላት ተናግራ ሄደች። በማግስቱ ባሏን ከነጆሮ ሕመሙ ይዛ ተመለሰች።

ይህስ ይሁን። ነገሩ የተበላሸው የምን ታሪክ እንደምታጠና የታወቀ ዕለት ነው። ሌሎች የታሪክ ሰዎች ንጉሥ ያጠናሉ፣ ጦርነት ያጠናሉ፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ድልድይ ያጠናሉ። እሷ የምታጠናው እብዶችን ነው። በእርግጥ እንዲህ ብላ አትጠራውም፤ «የአእምሮ ሕክምና ታሪክና ሴቶች» ነው የምትለው። ቤተሰቡ ግን ረጅም ነገር አይወድም።

«ታሪክ የሚጻፍለት ጤነኛ ጠፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁ አጎቷ። አጎቷ ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ጡረታ ያልወጣው እጃቸው ብቻ ነው፤ ሰው ሲናገር መዳፋቸውን ዘርግተው ያስቆሙታል፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ በሁለት ጣት ያሳልፉታል።

«ጤነኛ ናቸው አይደሉም የሚለውን እኮ ነው የማጠናው፣ አጎቴ።»

መዳፋቸው ተዘረጋ። «ሆስፒታል ገብተዋል?»

«ገብተዋል።»

«በቃ። ጥናቱ አልቋል።»

ጥናቱ ግን አላለቀም። በከተማው ዳር ባለው የአእምሮ ሆስፒታል ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ አልጋዎች ጀርባ፣ በእናቷ ዕድሜ ያሉ የታማሚ ፋይሎች ተከምረው ነበር። ዶክተሯ አቧራቸውን እየጠጣች አነበበቻቸው፤ ፎቶ እያነሣችም ወደ ቤት ወሰደቻቸው። የእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ታማሚ ማን ነው፣ አምጪ ማን ነው። ታማሚዋ ሴት ከሆነች አምጪዋ ባል ነው፤ ባል ከሌላት ወንድም፤ ወንድም ከሌላት አባት፤ ሁሉም ከሌሏት ግን፣ ይገርማል፣ አታብድም።

አምጪው ተደላድሎ ይናገራል፣ ሐኪሙ ይጽፋል፦ ሲቆጧት ትመልሳለች። ብቻዋን ትስቃለች። ምግብ ታሳርራለች። የተጠየቀችውን ትታ ያልተጠየቀችውን ትናገራለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሴትየዋ ራሷ ትጠየቃለች፤ መልሷም ከአንድ መስመር አያልፍም፤ «ደህና ነኝ ትላለች»። ሐኪሙ ከሥሩ ያክልበታል፤ «ሕመሟን አታውቅም»። አምጪውን ግን አንተስ እንዴት ነህ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ያለ ሐኪም በዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ አልተገኘም።

ዶክተሯ መጽሐፏን የጻፈችው በዚህ ላይ ነው። ረጅሙ ምዕራፍ «አምጪው» ይባላል፤ ጭብጡም «ታማሚዋን ሳይሆን ያመጣትን ሰው አንብቡ» የሚል ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ ይህን ስትናገር ከፊት ያሉት ቆመው አጨበጨቡላት፤ ከኋላ ያሉት የሻይ ዕረፍት መስሏቸው ተነሡ። ሴቶቹንም ቢሆን ሁሉንም አልማረቻቸውም። ባሏ ሰካራም መሆኑ እንዳይወራ ብላ፣ እብድ ተብላ የተቀመጠች አንዲት ሴት አለች፤ ዶክተሯ በግርጌ ማስታወሻ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ዝምታዋ የበዳዮቿ ተባባሪ ነበር» ብላ ጻፈችባት። ሴትየዋ ከሞተች ቆይታለች፤ መልስ አልሰጠችም።

የዶክተሯ ችግር አሠራሯ ነው። የድሮ ጸሐፊዎች የእጅ ጽሑፍ የጉንዳን ሰልፍ ስለሚመስል በዓይን አይያዝላትም፤ ስለዚህ ጮክ ብላ ታነባለች። ማንበብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። «ፋይል የሚነበበው በጆሮ ነው» ባይ ናት፤ ባል ሲናገር እንደ ባል፣ ሐኪም ሲጽፍ እንደ ሐኪም፣ ሴትየዋ ስትመልስ እንደ ሴትየዋ ካላለችው ነገሩ አይገባትም። ስለዚህ ከግቢው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍሏ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት አራት ሰው ይጨቃጨቃል። በሩ ሲከፈት የምትወጣው ግን እሷ ብቻ ነች።

ከሁሉ አብዝታ የምታነባት አንዲት ሴት ነበረች። ለዚህች ሴት ሐኪሙ፣ በምን ቸርነት እንደሆነ እንጃ፣ ሁለት መስመር ሰጥቷታል፤ «ጠዋት ስነሣ እጆቼ የሰው እጅ ይመስሉኛል። አዝዣቸው ነው ፊቴን የሚያጥቡኝ።» ዶክተሯ ይህን ቃል በመጽሐፏ ውስጥ ለሴቶች የቤት ሥራ ጭቆና ማስረጃ አድርጋዋለች። ጥሩ ማስረጃ ነው። ሴትየዋ ታማ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን ቦታ አላገኘም፤ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የታመመ ሰው አልነበረም።

በዋናው ቤት የሚኖሩት እናቷ፣ ታላቅ ወንድሟና የወንድሟ ሚስት ናቸው። ወንድሟ በአንድ የወለል ንጣፍ ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ነው። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ የቤቱ ምሰሶ እሱ ነው ይባላል፤ ምሰሶ ደግሞ እንደሚታወቀው አይናገርም። በዚያ ዓመት ይበልጥ ምሰሶ ሆኖ ነበር። ከሥራ ሲመለስ መኪናውን በር ላይ ያቆምና ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን እንደያዘ፣ ቁጭ ይላል።

«ምን ሆኖ ነው የማይገባው?» ይላሉ እናትየው በመስኮት እያዩ።

«እያሰበ ነው እማማ። የወንድ ልጅ ሐሳብ ይበዛል» ትላለች ሚስቱ።

ከገበታ ቀድሞ ይነሣል፤ ሥራ ስለሚበዛበት ነው። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ሸንቀጥ አለ፣ አማረበት ተባለ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ መኪና ያጥባል፣ ያውም ትናንት የታጠበውን፤ ታታሪ ነው። ሰው ሲያስቀው አይስቅም፤ ቁም ነገረኛ ነው። አንድ ቀን የውሃ ጎማውን እንደያዘ፣ ውሃው ጫማውን እያራሰው፣ ከዶክተሯ መስኮት ሥር ደርቆ ቆሞ ሚስቱ አየችው። ውስጥ ዶክተሯ ያቺን እጆቿ የሰው እጅ የሚመስሏትን ሴት እያነበበች ነበር።

«ሰማሃት?» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ሰማኋት።»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ይቺ ልጅ ልክ አይደለችም።»

እሱ ውሃውን ሳይዘጋ ጎማውን ጥሎ ገባ። የእህቱ ነገር ምን ያህል እንደከበደው በዚህ ታወቀ።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የወንድሟ ሚስት የታጠበ አንሶላ ይዛ ወደ ዶክተሯ ክፍል ስትሄድ፣ ከውስጥ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ይህችን ሴት ከቤቴ ውሰዱልኝ» ሲል ሰማች። መጀመሪያ ደስ አላት። ወንድ ከሆነ ለወንድ መላ አለው፤ ይታያል፣ ይጠየቃል፣ ቢበዛ ይዳራል። በሩን ገፋ ስታደርገው ግን ወንድ የለም። ዶክተሯ ብቻዋን፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ግድግዳውን እየገሠጸች ቆማለች። አንሶላው እዚያው በር ላይ ወደቀ፤ ወሬው ግን አልወደቀም፤ ከመምሸቱ በፊት እናትየው ጋ፣ በማግስቱም አጎትየው ጋ ደረሰ።

እሑድ ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰበ። ዶክተሯን ለምሳ ነው ብለው ጠሯት፤ ምሳ ግን አልነበረም። አጎቷ መሀል ወንበር ይዘዋል። ወንድሟ ጥግ ላይ፣ ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ አጎቷ። «ሰው ይደክመዋል። ጭንቅላትም እንደ መኪና ነው፤ ይግላል። የጋለ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል እንጂ ዳገት አይነዳም።»

«ማን ነው የጋለው?»

መዳፍ። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ብቻሽን ታወሪያለሽ» አለች የወንድሟ ሚስት፤ ሌላ ሰው እስኪጀምረው መጠበቅ አቅቷት።

«አነባለሁ እንጂ።»

«በወንድ ድምፅ?»

«የሚናገረው ወንድ ከሆነ በምን ድምፅ ላንብበው?»

አጎቷ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ይኸው። ትመልሳለች።»

ዶክተሯ እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በአንድ ምክርና በሁለት ምርቃት ያልፍ ነበር ይመስለኛል። ግን «ትመልሳለች» የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። አምጪዎች ከማምጣታቸው በፊት እቤታቸው ተቀምጠው ምን ይባባላሉ? ይህን የሚነግራት ፋይል አጥታ ስትቆጭ ኖራለች፤ ይኸው አሁን ከነወንበሩ፣ ከነሰብሳቢው ቀረበላት። እንዲህ ያለ ዕድል ለታሪክ ሰው በዕድሜ አንዴ ነው። ከቦርሳዋ እስክሪብቶና ወረቀት አወጣች።

«ይቅርታ አጎቴ፣ ከመኪናው በፊት ያሏትን ቢደግሙልኝ?»

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለች የወንድሟ ሚስት።

«የምትሉትን ነዋ። ቀጥሉ፣ እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ።»

ሰው ጤነኛ መሆኑን የሚያስረዳባቸው ብዙ መንገዶች አሉ፤ በራስ ጉዳይ ላይ ቃለ ጉባኤ መያዝ ግን ከእነሱ ውስጥ አይደለም።

«በሞቴ ልጄ፣ ወረቀቱን አስቀምጪው» አሉ እናቷ።

«እማዬ፣ አንቺም የምትይው ካለ በተራ ነው።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አላስፈለገም። ጥግ ላይ የተቀመጠው ወንድሟ ቀና አለና በዚያን ቀን የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ቃል ተናገረ። «ሐሙስ እኔ እወስዳታለሁ።»

«ጎሽ፣ የአባትህ ልጅ» አሉ አጎቷ። «ሐኪሙ ወረቀት ይጽፍላታል፣ ወረቀቱን ለኮሌጁ እንሰጣለን፣ ያሳርፏታል። አለቀ።» በሁለት ጣት አሳለፏት።

«ወረቀት» የሚለውን ስትሰማ እስክሪብቶዋ ቆመ። መጽሐፏ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ስለ እብደት የጻፈች እብድ ማን ያነብላታል? ክፍል ገብታ ብታስተምር፣ ተማሪው የሚያጠናው ምዕራፉን ሳይሆን ዓይኗን ነው። ስም አንዴ ከተለጠፈ እንደማይለቅ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ከዚያ በኋላ ሴት የምትናገረው ሁሉ ምልክት ይሆናል፤ እውነት ብትናገር ደግሞ ባሰባት ይባላል።

አልሄድም ልትል አማራት። ግን ፋይሎቹን ታውቃቸዋለች፤ «አልሄድም ብላ ታገለች» የማይል ፋይል በመከራ ነው የሚገኘው። እሺ ብላ መሄዱም ተጽፏል፤ «ያለ ተቃውሞ፣ ግድ የለሽ ሆና መጣች»። ሐሙስ ጠዋት ልብስ ስትመርጥም የገጠማት ይኸው ነው። ብትዋብ «ያለ ቦታው ታጌጣለች»፤ ባትዋብ «ራሷን ጥላለች»። ፈገግ ብትል ያለ ምክንያት፣ ኮስተር ብትል በምክንያት። በመጨረሻ ለፈተና ቁጥጥር የምትለብሰውን ግራጫ ጃኬት ደረበች፤ በዚያ ጃኬት ማንም ስቆባትም ፈርቷትም አያውቅም።

መኪና ውስጥ ክርክሯን ስታሰናዳ ሄደች። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው አምጪውን ነው፤ ያን ጊዜ እንዲህ እለዋለሁ፤ እንዲህ ሲለኝ ደግሞ እንዲህ። ወንድሟ አረንጓዴ መብራት ላይ ቆመ፣ ቀይ ሲሆን ነዳ። ከኋላ ጥሩምባው ጮኸ። ወደ ሆስፒታሉ የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈው፤ ዞሮ መጣና እንደገና አለፈው። «አምጪውን አንብቡ» ስትል የኖረችው ሴት ከአምጪዋ አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣ በመስኮት ዛፍ ታያለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ታማሚ?»

«እሷ» አለ ወንድሟ።

«አምጪ?»

«እኔ። ወንድሟ።»

ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ፣ ጥያቄው አልተለወጠም። ዶክተሯ በዚህ ትዘን ወይስ ትኩራ መወሰን አቃታት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን በመሀረብ እየጠረገ ተቀበላቸው። ዶክተሯ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። እሱም እንደጠበቀችው ወደ ወንድሟ ዞረ።

«ምን አጋጥሟት ነው?»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

«አትተኛም» አለ ወንድሟ።

«እንዴት አወቁ?»

«መብራቷ ይታየኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በርቷል፣ ዘጠኝ ላይ በርቷል። አሥር ሲሆን ታጠፋዋለች፤ ሳይነጋ መልሳ ታበራዋለች።»

ሐኪሙ አፍንጫውን ጠረገ። «በዚያ ሰዓት እርስዎ የት ሆነው ነው የሚያዩት?»

«ግቢ ውስጥ።»

«ምን ሲሠሩ?»

«ቆሜ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሰው ቤቱን መጠበቅ አለበት እኮ።»

«ልክ ነው። ምግብስ ትበላለች?»

«እንጃ፤ እኔ ቀድሜ ስለምነሣ አላይም። አፌ ውስጥ ወረቀት ወረቀት ይለኛል… ብቻ እሷ ብቻዋን ታወራለች።»

«ምን እያለች?»

«የድሮ ሰዎች ነው የምታነበው። ባሎች አሉ፤ ይጮኻሉ። እነሱን አልወዳቸውም።» ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንዲት ሴት አለች። ጠዋት ስነሣ እጆቼ የሰው እጅ ይመስሉኛል፣ አዝዣቸው ነው ፊቴን የሚያጥቡኝ ትላለች። እሷን ስታነብ በመስኮት ሥር እቆማለሁ። እሷን አውቃታለሁ።»

«ከየት ያውቋታል?»

ወንድሟ ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። ሰው አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የተቀመጠውን እንግዳ በዓይኑ ጥግ እንደሚያየው ነበር ያያቸው። ሐኪሙም እጆቹን አየ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች ቀረች፤ ቀለሙ እየሰፋ ሄደ።

«ወንበሬን ኮፒ ማሽኑ አጠገብ አዙረውታል» አለ ወንድሟ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አንድ ልጅ አመጡና ግዢውን ለእሱ ሰጡት። ከክረምቱ በፊት ነው። የምገዛው ነገር የለም። ጠዋት እገባለሁ፣ ኮፒ የሚያደርገው ሁሉ ደህና አደርክ ይለኛል፣ ማታ እወጣለሁ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር? እኔ እኮ ነኝ የሚነገረኝ።»

«ታዲያ…» አለች ዶክተሯ፤ ድምፅዋ ቀጠነባት። ከሁሉም ድምፆቿ ውስጥ የራሷ የትኛው እንደነበር የጠፋት ይመስል ነበር። «ታዲያ እኔን ለምን አመጣኸኝ፣ ወንድሜ?»

«በምን ልምጣ? ብቻዬን መጥቼ ነበር። ሁለቴ በሩ ድረስ ደርሻለሁ። ዘበኛው ማንን ልትጠይቅ ነው አለኝ። ማንንም አልኩና ተመለስኩ።»

ሐኪሙ ሌላ ብዙ ጠየቀው። ዶክተሯ አንዱንም አልጻፈችም። በመጨረሻ ወደ እሷ ዞረ።

«እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ» አለችና አንገቷን አስግጋ ከሥሩ ምን እንደሚጽፍ አየች። ምንም አልጻፈም።

«ጮክ ብሎ ማንበብ በሽታ አይደለም» አለ። «ለጎረቤት ግን በሽታ ነው፤ መስኮቱን ይዝጉ። እሳቸው ካርድ ያውጡና ይመለሱ።»

ወደ ካርድ ክፍሏ ተመለሱ። ሠራተኛዋ አሁንም ቀና አላለችም።

«ታማሚ?»

ወንድሟ ዘወር ብሎ አየ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለው።

«እሱ» አለች ዶክተሯ።

«አምጪ?»

ስለዚህ ቃል ምዕራፍ የጻፈች ሴት፣ ቃሉ ወደ እሷ ሲመጣ ትንሽ ቆየች። «እኔ» አለች። «እህቱ።»

ሲመለሱ መኪናውን የነዳችው እሷ ነች። መድኃኒቱ ጭኑ ላይ በትንሽ ከረጢት ተቀምጧል። ሰፈሩ ጋ ሲቃረቡ ወንድሟ መናገር ጀመረ።

«ቤት ምን እንላለን?»

«ያለውን ነዋ።»

«እማዬ አትችለውም። እሷም…» ሚስቱን ማለቱ ነው። «ፋብሪካው ከሰማ ኮፒ ማሽኑም ይቀርብኛል። እብድ ግዢ ኃላፊ ነበረን ይላሉ።» ከረጢቱን በእጁ ሸፈነው። «ግዴለም፣ እኔ ልተወው። መድኃኒቱን ጣይው።»

ዶክተሯ የግርጌ ማስታወሻዋ ትዝ አላት። በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው። መኪናውን ወንድሟ በሚያቆምበት ቦታ፣ በር ላይ አቆመችና ሞተሩን አጥፍታ፣ መሪውን እንደያዘች ቁጭ አለች። ለካ ከዚህ ሲታይ በሩ ሩቅ ነው።

«መድኃኒቱን ወዲህ በለው» አለችው በመጨረሻ። «ያመጣኸኝ አንተ ነህ፤ መድኃኒቱም የእኔ ነው። ማታ ማታ እየመጣህ ታስውጠኛለህ።»

«አንቺስ? ኮሌጁስ? መጽሐፍሽስ?»

«አሁን ውጣ፣ አጎታችን በመስኮት እያዩን ነው።»

አጎቷ በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው። «ምን አሉ?»

«ክትትል ያስፈልጋል አሉ» አለች ዶክተሯ። ይህ ውሸት አይደለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል አላልኩም?» ብለው አጎቷ የወንድሟን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አንተ ባትኖር ይቺ ልጅ ምን ይውጣት ነበር?»

የወንድሟ ሚስት ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተሯን ቀስ ብላና ጮክ ብላ ነው የምታናግራት፣ መስማትም የተሳናት ይመስል። ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃት መጣችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቷን ሳታነሣ ተቀምጣ ሄደች፤ ከዚህ በኋላ ዶክተሯን የሚያስቸግር በሽተኛ በሰፈሩ አልተገኘም፤ ቢያንስ ይህን አተረፈች። ለኮሌጁ ወረቀት የሰጠ ማንም የለም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ግን እዚያ ትማራለች። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በታላቅ ርኅራኄ ቢሮው ጠርቶ፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦ፣ ከምታስተምራቸው ኮርሶች ትልቁን «እንድታርፊ» ብሎ ወሰደባት። እሷም ደህና ነኝ አለችው። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ አዘነላት።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት አንድ የግርጌ ማስታወሻ እንዲወጣላት ለመነች። አርታዒው ተበሳጨ፤ ገጹ ሁሉ ሊዛባበት ነው።

«ስሕተት አለው?» አላት።

«ሴትየዋን አላውቃትም ነበር።»

እጆቿ የሰው እጅ የሚመስሏትንም ሴት ከጭቆናው ማስረጃ ውስጥ አውጥታ ሌላ ቦታ አስቀመጠቻት። ሌላ ቦታ ስላልነበረ አንድ አጭር ምዕራፍ ጻፈችላት፤ ርዕሱ «ታማ ነበር» ይላል። መጽሐፉ ሲወጣ አንብበው የወደዱትም «እንዲህ ሆና እንዴት አድርጋ ጻፈችው» እያሉ ነው ያደነቁላት።

ማታ ማታ ወንድሟ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ግቢውን አቋርጦ ወደ ክፍሏ ይሄዳል። እናቱና ሚስቱ በመስኮት እያዩ ይመርቁታል። ስንት ወንድም እህቱን ጥሎ በሚሄድበት ዘመን፣ አንድ ቀን ሳያስታጉል መድኃኒት የሚያስውጥ ወንድም ከየት ይገኛል? ከመሳቢያዋ ታወጣለታለች፤ ይውጣል፤ ውሃውን ይጨርሳል። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃታል።

«ያቺን ሴት አንብቢልኝ።»

መስኮቱን ዘግታ ታነብለታለች። መስኮቱ ግን የድሮ ነው፤ ደህና አይገጥምም።

«ጀመራት» ትላለች የወንድሟ ሚስት ሳህን እያጠበች። «መድኃኒቷን ውጣም ይሄ ነው። ምስኪን፣ ቁጭ ብሎ ይሰማታል።»